አንዴ የለካ ምን አወቀ!

ሰመራ ተቀምጦ ስለ ጥንታዊ ሕንፃ ጥገና መጻፍ ድፍረት ነው ይሉኛል። ልክ ናቸው። ከተማችን ከልጅነቷ የተነሳ ገና ጥርስ እያወጣች ነው፤ የክልሉ መቀመጫነት ከአሳይታ የዞረላት በእኛው ዕድሜ ነው። እዚህ መጥታችሁ «ያረጀ ሕንፃ አሳዩን» ብትሉ የምንወስዳችሁ ያላለቀ ጅምር ዘንድ ነው። እሱም ሳያልቅ ከመቆየቱ የተነሳ በቅርስነት ሊመዘገብ ምንም አልቀረው።

ዕድሜ ከተባለ ግን አፋርን ማን ይችላታል? እናንተ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ብላችሁ ስትጀምሩ፣ እኛ 3.2 ሚሊዮን ብለን እንጨርሳለን። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው በእኛ ሰፈር ነው። (አስቀድሜ ልናገር፦ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው። ባቡሩም ሌዘሩም የመጡት ከዚያው ስለሆነ በመጡበት ይቆጠሩ።)

ሕንፃ ከተባለ ደግሞ በመንገዱ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ መውጣት ነው። ሰባት ኪሎ ትባላለች እንጂ ሰባቱን የመዘነ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። እዚያ የድሮው ባቡር ጣቢያ አለ። ምኒልክ የሃዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው፤ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በቀን ብቻ በሚጓዝበት ዘመን መንገደኛው ከጅቡቲ ሲመጣ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። የአዋሽ ቡፌ የሚባለው ማረፊያ የተሠራው ለዚያ እንቅልፍ ነው።

የዛሬው ተረብ የተነሳው አንድ ወጣት ሰርቬየር ሻይ ቤት ውስጥ «እንዲህ ያለ ሕንፃ ጥገና ከመነካቱ በፊት በሌዘር ስካነር ሊለካ ይገባል» ብሎ በመናገሩ ነው። ሰመራ ውስጥ ሻይ ላይ ቁም ነገር የሚናገር ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃላችሁ። የተሳተፉት አንድ የሲኖትራክ ሾፌር፣ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ፣ አንድ የሎጊያ ልጅና ባለሻይዋ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ አፋቸው ይበቃቸዋል።

ዙር አንድ፦ ሜትር እያለ?

ሾፌሩ ጀመረ። «ሜትር ሞልቶ ሌዘር ምን ያደርጋል? አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አለቀ!»

ሰርቬየሩ አልቸኮለም። «አንተ ረዳትህ ‹ና፣ ና፣ ና› እያለ በጩኸት ለክቶልህ እንኳ አጥር የምትደፈጥጥ ሰው፣ ስለ ሚሊሜትር ባታወራ ምን አለበት?»

ሾፌሩ እስኪያገግም እኔ ልግባ። የሜትር ችግሩ መላላቱ ብቻ አይደለም። ሜትር የሚለካው እኛ የመረጥንለትን ነው፤ የበሩን ስፋት፣ የግድግዳውን ርዝመት፣ የጣሪያውን ቁመት። ቀሪውን በእርሳስና በማስመሪያ ቀጥ አድርገን እንሞላዋለን። ያረጀ ግድግዳ ግን ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ አንዱ ጋ ይነፋል፣ አንዱ ጋ ይሰረጉዳል፣ ጥጉ ዘጠና ዲግሪ ነኝ ብሎ ይዋሻል። ቱምቢ ብትጥል መጣመሙን ታውቃለህ፤ መጣመሙ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ግን ቱምቢው አይነግርህም። እና ወረቀቱ ላይ የሚጠገነው አንድ ሕንፃ፣ መሬት ላይ የቆመው ሌላ ሕንፃ ይሆናል።

ስካነሩ አይመርጥም። ሦስት እግሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን እየዞረ ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ የፈጀውን ጊዜ ይቆጥራል። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 10 ሜትር ርቆ ካለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት የአንድ ሴኮንድ 15 ሚሊዮንኛ ነው። ሌላው ዓይነት ደግሞ ጊዜውን በቀጥታ ከመቁጠር ይልቅ የተመለሰው ሞገድ ከተላከው ምን ያህል እንደተዛነፈ አይቶ ርቀቱን ያሰላል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በሴኮንድ እስከ ሚሊዮን ነጥብና ከዚያም በላይ ይመዘግባሉ፤ ስሕተታቸው በጥቂት ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው። ከምሰሶው ጀርባ ያለውን ስለማያዩ ከቦታ ቦታ እየተተከሉ ደጋግመው ይለካሉ፤ ከዚያ ሁሉም በጋራ ባዩዋቸው ምልክቶች ይገጣጠማል። ተገጣጥሞ የሚወጣው በነጥብ የተሠራ ሕንፃ ነው።

«ስሙ የነጥብ ደመና ይባላል፣ እትዬ» አለ ሰርቬየሩ ወደ ባለሻይዋ ዞሮ።

«ሰመራ ላይ ደመና አመጣለሁ የሚል ሰው ወይ ነቢይ ነው ወይ አበል ፈልጓል» አለችው።

«አበሉም ቢሆን አይከፋም።»

«ለመሆኑ ያ ማሽንህ ሙቀት ይችላል?»

«የብዙዎቹ መመሪያ እስከ 40 ዲግሪ ይላል።»

«40? እዚህ ሰኔ ላይ 40 የምንለው አየሩ ሲሻለው ነው! ሙቀታችን ከመበርታቱ የተነሳ ጥላችን ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፤ አንተ ማሽን አቁመህ ልትለካ?»

«ለዚህ እኮ ነው ሥራው ጎህ ሲቀድ የሚጀመረው፤ እርስዎ ከሰል ሳያያይዙ እኛ እንጨርሳለን።»

«እኔ ከሰል ሳላያይዝ አንተ ከአልጋ ከወረድክማ፣ ሕንፃውን ተወውና አንተን ቅርስ ብለው ይመዝግቡህ!»

ነጥቡን ባለሻይዋ ወሰደች። ሰርቬየሩ ያለው ግን እውነት ነው። ከቀን ሐሩር በኋላ ከመሬት የሚነሳው የሚንቀጠቀጥ አየር ብርሃኑን ያጣምመዋል፤ አቧራው ደግሞ በሌለበት ቦታ የሌለ ነጥብ ይተክላል። የአፋር ንጋት ለሌዘርም ለሰውም የተሻለው ሰዓት ነው።

ዙር ሁለት፦ ላሊበላ በምን ተለክቶ ተሠራ?

ጡረተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የባቡር ሰው ስለሆኑ ሳይነፉ አይነሱም። «ልጄ፣ አባቶቻችን ላሊበላን ሲፈለፍሉ ሌዘር ነበራቸው?»

«አልነበራቸውም ጋሼ። ጠጋኝም አልነበራቸውም። ልኩ ያለው በፈልፋዩ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ጠጋኙ ግን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ጠይቆ ይገባል እንጂ ዘሎ አይገባም።»

ጋሼ ዝም አሉ። ይህ በባቡር ቋንቋ መንገድ ተለቋል ማለት ነው።

ላሊበላ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከላይ ወደ ታች ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻውን ከ33 ሜትር በላይ ይረዝማል። ግንብ ቢሆን ድንጋዩን ቆጥረህ፣ አውርደህ፣ መልሰህ ትሰቅላለህ፤ እዚህ ግን የሚወርድ ድንጋይ የለም፤ ሕንፃው ራሱ አንድ ድንጋይ ነው። ስለዚህ የሚለካው ጥቂት መስመር ሳይሆን ገጹ በሙሉ ነው። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት፣ በፕሮፌሰር ሃይንዝ ሩተር መሪነት፣ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ስካነር መዘገበ። ሩተርና የዓለም ሐውልቶች ፈንዱ ጋኤታኖ ፓሉምቦ በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ ልኬቱ ለቅርሱ ክትትልና ጥበቃ እንዴት እንደሚያገለግል አስረድተዋል። ክትትል የምትለዋን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

«ታዲያ ለክተው ቀለም ቢቀቡት ያልቅ የለ?» አለ ሾፌሩ። ለእሱ ጥገና ማለት ጋራዥ ነው።

«ተቀብቶ ነበር!» አለ ሰርቬየሩ። «በ1954 ዓለቱን ሬንጅ አለበሱት፣ በላዩ ቀይ ቀለም ደረቡበት። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒና ቡድኑ ያንን ሲፍቁ ከረሙ። የአንተ ቢጤ ቀብቶት፣ ሌላው ዓመታት ፋቀው።»

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ሬንጅ ወይም ሲሚንቶ ሲለጠፍበት የጠጣውን መትፋት ያቅተዋል፤ እርጥበቱ ከልባሱ ጀርባ ታምቆ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ያስተነፍሳል፣ መሰንጠቅ ካለም ከድንጋዩ በፊት እሱ ይሰነጠቃል። ይህን ሌዘር አይነግርህም። ሌዘሩ የሚነግርህ ልባሱ የት ጋ እንደተነፋ ነው፤ ለምን እንደተነፋ የሚያውቀው ሰው ነው።

ዙር ሦስት፦ ቆዳ ወይስ አጥንት?

የሎጊያው ልጅ እስካሁን ዝም ብሎ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። መፋቂያውን አውጥቶ «እንግዲህ ማሽኑ ሁሉን ያያል በለና» አለ።

«ሁሉንም አያይም። ቆዳውን ብቻ ነው የሚያየው።»

«ታዲያ ለቆዳማ ቅባት ይበቃው ነበር!»

እዚህ ላይ የሀገራችንን ልጅ ልጥራ። ድንቅነሽ ወደ አሜሪካ ለዐውደ ርእይ በሄደችበት ጊዜ፣ በ2008፣ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነስታለች። ይህ ሌዘር ሳይሆን ኤክስሬይ ነው፤ አጥንቱን ዘልቆ ውስጡን ከ35,000 በሚበልጡ ስስ ምስሎች ከፋፍሎ አሳየ። በ2016 ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ ስብራቶቹን አይተው «ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሳትሞት አትቀርም» አሉ። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌሎች ደግሞ «እንዲህ ያለ ስብራት ከተቀበሩ በኋላም ይመጣል» ብለው አልተቀበሉትም። እሷማ ምን ትል? ይህን ሁሉ ዘመን በሰላም ተኝታ፣ ተነሺ ተብላ፣ አሜሪካ ተወስዳ፣ በመጨረሻ «ዛፍ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?» የሚል መጥሪያ ደረሳት።

እንግዲህ ውስጥን የሚያይ መሣሪያ እንኳ ክርክሩን ካልዘጋ፣ ቆዳ የሚያየው ሌዘር ብቻውን ምን ያህል ይፈርዳል? ግድግዳው ውስጡ ባዶ ይሁን አይሁን አያውቅም። መሠረቱ ውኃ ይዞ እንደሆነ አያውቅም። የተለጠፈው ኖራ ይሁን ሲሚንቶ አያውቅም። መስታወት ላይ ብርሃኑ ያልፈዋል፤ ያንጸባረቀ ብረት ላይ ወዳልታሰበበት ይነጥራል፤ ውኃ ላይ ይጠፋበታል። ለዚህ ነው ዛሬም ደህና ጠጋኝ ግንበኛ ልስኑን በጣቱ እያንኳኳ የሚሄደው፤ የተላቀቀው ልስን ድምፁ ባዶ ነው።

ጡረተኛው ባቡራቸውን አስነሱ። «ማሽንህ የአዋሽ ጣቢያ ግድግዳ የተሰነጠቀበትን ዓመት ያውቃል?»

«አያውቅም ጋሼ።»

«እኔ አውቃለሁ። የትኛው ክፍል ክረምት ውኃ እንደሚገባው፣ የትኛው በር ተደፍኖ መስኮት እንደተደረገ፣ የቱ ቆርቆሮ መቼ እንደተቀየረ አውቃለሁ።»

ሰርቬየሩ ከልቡ ተነካ። «ታዲያ ከሕንፃው አስቀድሞ እርስዎን ነበር ስካን ማድረግ!»

«እሳቸውን?» አለች ባለሻይዋ። «አንዴ ከጀመሩ ሜሞሪው ይሞላል!»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጋሼም ሳቁ። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም ይቆማል። ነጥቡን የሚሰበስበው ሰርቬየር ጎን፣ የሕንፃውን ታሪክ ከሚያውቁት አፍ የሚሰበስብ ሰው ካልቆመ፣ የሚገኘው ዕድሜ የሌለው ገጽ ነው። ስንጥቁ 4 ሚሊሜትር መሆኑን አውቀህ፣ ትናንት ይሁን ከሃምሳ ዓመት በፊት መከፈቱን ካላወቅህ፣ መድኃኒቱን በምን ታዛለህ?

ዙር አራት፦ ሲፈርስ ይለካ!

ሾፌሩ አሁንም አልተሸነፈም። «የቆመ ሕንፃ ምን ያስለካዋል? ሲፈርስ ይለካ!»

«ከሞተ በኋላ የሚለኩት ለሣጥን ነው» አለ ሰርቬየሩ።

ፓሪስ ለዚህ ምስክር ናት። አንድሩ ታሎን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር፣ ኖትር ዳም ካቴድራልን በ2010 ከሃምሳ በላይ ቦታ ላይ ስካነር እየተከለ ለካት፤ ከቢሊዮን በላይ ነጥብ ሰበሰበ። ሐሳቡ ጥገና አልነበረም፤ የጥንት ግንበኞች እንዴት እንደሠሯት ማወቅ ነበር የፈለገው። በ2018 መጨረሻ ገደማ አረፈ። በሚያዝያ 2019 ጣሪያዋ በእሳት ሲወርድ ልኬቱ ተቀምጦ ነበር፤ መልሰው ለሠሯት ባለሙያዎች ከደረሱላቸው መዛግብት አንዱ ሆነ። በታኅሣሥ 2024 በሯ ተከፈተ።

«ፈረንጅ ነዋ!» አለ የሎጊያው ልጅ።

ኡጋንዳም አለችልህ። ካምፓላ ያሉት የካሱቢ መቃብሮች የቡጋንዳ ነገሥታት ያረፉባቸው፣ በእንጨት፣ በሸምበቆና በሣር ክዳን የተሠሩ ናቸው። በ2009 ሳይአርክ የተባለው ድርጅት በሌዘር አስለካቸው። በመጋቢት 2010 ዋናው ቤት ተቃጠለ። ሳይአርክን ያቋቋመው ቤን ካሲራ የሞሱል ተወላጅ ነው፤ ለዚህ የሌዘር መለኪያ መስፋፋት ፈር ከቀደዱት አንዱ ሲሆን፣ ድርጅቱን የመሠረተው በ2001 የባሚያን የቡድሃ ሐውልቶች በፈንጂ ከወደሙ በኋላ ነው። ካሱቢ ላይ ግን ልኬቱ የሰጠው ቅርጽና መጠን ነው። ሣር መክደን ከኮምፒውተር አይወጣም። ቤቱ የተመለሰው ክዳኑን ከአባቶቻቸው የተማሩ እጆች ስለነበሩ ነው።

ሾፌሩ ወደ ሎጊያው ልጅ ዞረ። «ለእናንተ ለአፋሮች እንኳ ይህ አያስፈልጋችሁም። ቤታችሁን ራሳችሁ አፍርሳችሁ ግመል ላይ ትጭኑታላችሁ!»

«አዎ! እናቶቻችን ዳቦይታውን ያፈርሱታል፣ ይጭኑታል፣ በደረሱበት ሰዓት ሳይሞላ መልሰው ይተክሉታል፤ ቅስቱም ሰሌኑም ልኩን አይስትም። እናንተ ከተሜዎች ከእኛ የተማራችሁት ግማሹን ብቻ ነው፤ ማፍረሱን!»

ይህን ሲል የሁላችንም ልብ ወደ ፒያሳ ሄደ። በ2024 የአዲስ አበባ ፒያሳ ነባር ቤቶች በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ስንቱ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ቀረጸ! ቪዲዮ ለትዝታ ይሆናል፤ በሱ ግን በረንዳ አይሠራም። አንድን መካከለኛ ቤት በስካነር ለክቶ ለመውጣት ከዶዘሩ በፊት አንድ ቀን ቢገኝ ብዙ ነበር።

ሾፌሩ ግን እዚህ ላይ አንድ ደህና ነገር ተናገረ። «ቆይ፣ እንዲህማ ከሆነ ነገ ‹ለክተነዋል፣ እንግዲህ ይፍረስ› ይሉሃል።»

«የሚስትህን ፎቶ ካነሳህ በኋላ እሷን ወደ ወላጆቿ ትመልሳታለህ?» አለችው ባለሻይዋ።

ልክ ናት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ የእኛው ነው) ቅርስን መጠገን የሚፈልግ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ልኬት የዚያ ፈቃድ መደገፊያ እንጂ የዶዘር ማለፊያ አይደለም።

ዙር አምስት፦ መሬቱ ራሱ ሲሄድ

ይሄኛው ዙር የአፋር ነው፤ ሌላ ክልል እንዳይገባበት።

ሰርቬየሩ «ልኬቱ የሚታሰረው በማይንቀሳቀስ ነጥብ ላይ ነው» ብሎ ሊያስተምር ጀመረ።

«አፋር ላይ የማይንቀሳቀስ መሬት ከየት አመጣህ?» አለ የሎጊያው ልጅ። «ቢሮ የገባ ፋይል ላይ ትከለው፤ እሱ ብቻ ነው የማይነቃነቀው!»

ቀልድ አይደለም። በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተቀደደ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሳተላይቶች በራዳር ለኩት፤ በ2009 ደግሞ አውሮፕላን ላይ በተገጠመ ሌዘር ከሰማይ ተለካ። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ተራው የአዋሽ ፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ሆነ፤ ርዕደ መሬቱ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ አነቃነቀ፣ የአካባቢው ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። የአዋሽ ጣቢያ የቆመው በዚህ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ለዚህ ነው ቅድም ክትትል የምትለዋን ያዙልኝ ያልኳችሁ። አንድ ልኬት የአንድ ቀን መልክ ነው። ግድግዳው ዛሬ 3 ሴንቲ ሜትር ዘምሟል ብትለኝ፣ ምናልባት ሲገነባ ጀምሮ እንዲያ ነበር፤ ምናልባት ካለፈው ርዕደ መሬት ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ግድግዳው ይተው፤ ሁለተኛው ከሆነ ዛሬ ድጋፍ ይፈልጋል። የሚለያያቸው ሁለተኛው ልኬት ነው። ኮምፒውተሩ የፊተኛውን በኋለኛው ላይ ያነባብራል፤ ያልተንቀሳቀሰው በአንድ ቀለም፣ የተንቀሳቀሰው በሌላ ይወጣል። መሬቱ በሙሉ ቢሄድ እንኳ፣ የሕንፃው አንዱ ጥግ ከሌላው ጥግ መራቁ አይደበቅም። አፋር ይህን ከሌዘር በፊት ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይጠያየቃሉ፤ ያለፍክበት ውኃ ነበረው? ሣሩስ? ማንን አገኘህ? የትናንቱ ወሬ የሚጠቅመው የዛሬው ሲጨመርበት ነው፤ ያላየኸውን አየሁ ብለህ ካወራህ ደግሞ ያስወቅስሃል።

ጡረተኛው ጨመሩበት። «የእኛ ሃዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ 1.435 ሜትር ነው። ጎን ለጎን ቢሄዱም አይጋቡም። 43.5 ሳንቲም ከምንም አትቆጠር ይሆናል፤ ባቡር ግን አታሳልፍም።»

«ጋሼ፣ አሁን ያሉት ከማሽኑ ይበልጣል» አለ ሰርቬየሩ።

«ማሽኑ ጡረታ ሲወጣ ይገባዋል።»

ዙር ስድስት፦ ፋይሉ የት ነው?

«እኔ ስልኬ ላይ አለ!» ብሎ ሾፌሩ አይፎኑን መዘዘ። ከ2020 ጀምሮ ውድ በሆኑት አይፎኖች ላይ ትንሽ ሌዘር መለኪያ መገጠሟ እውነት ነው።

«እሷ ከ5 ሜትር ወዲያ አታይም» አለ ሰርቬየሩ። «አንተ ደግሞ ከራስህ ፎቶ ወዲያ አታይም።»

ለአንድ ክፍል ንድፍ ስልኩ ይረዳል፤ ለስንጥቅ ክትትል ግን ስሕተቱ በሴንቲ ሜትር ስለሆነ አይታመንም። ስካነሩ ደግሞ ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። መሀሉ ላይ ግን መንገድ አለ። አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ የተነሳ ብዙ ፎቶ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ በቶታል ስቴሽን የተለኩ ጥቂት ነጥቦች፤ ይህ ተዋህዶ በኮምፒውተር ደህና ባለ ሦስት ገጽታ ልኬት ይወጣዋል። ቶታል ስቴሽን መንገድ በሚሠራበት ሁሉ የሚተከል መሣሪያ ነው፤ ከሰማይ አይወርድም።

ከመሣሪያው የሚከብደው ፋይሉ ነው። የአንድ ትልቅ ሕንፃ ጥሬ ልኬት በመቶ ጊጋባይት ይቆጠራል። የተቀመጠበት ዲስክ ይበላሻል፤ የሚከፍተው ሶፍትዌር ያረጃል። ስለዚህ ከአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ጋር ባልታሰረ ፎርማት፣ ከአንድ በላይ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አዲስ አበባ በቅርስ ባለሥልጣን፣ ሰመራ በክልሉ ባህል ቢሮ፣ አዋሽም ጣቢያው ባለበት።

«ባለሙያው ይዞት ቢሄድስ?» አለ የሎጊያው ልጅ።

ጋሼ ከእኔ ቀደሙ። «የአክሱምን ሐውልት በ1937 ወሰዱብን፣ በ2005 መለሱልን። 24 ሜትር የሚረዝም፣ 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ለማስመለስ 68 ዓመት ፈጀብን። ያውም ማንም ሊደብቀው የማይችለውን! ኪስ ውስጥ የሚገባ ፋይል ለማስመለስ ስንት ዓመት ሊፈጅብህ ነው?»

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚህ ተረብ የሚበልጥ እኔ አላመጣም። ስለዚህ የአምዱን አቋም በአጭሩ ልናገር፦ የአዋሽ ጣቢያ ተለክቶ እንደሆነ ልኬቱ አዋሽ ይምጣ፤ ካልተለካ ይለካ። የመጀመሪያው ልኬት ሽፋን ላይ ደግሞ የሁለተኛው ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ያልተጻፈበት ልኬት ለእኔ ፎቶ ነው።

«ኧረ በጀቱስ?» አለ ሾፌሩ። «ለመጀመሪያውስ ይገኛል። ባነር ይሰቀላል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ሪባን ይቆረጣል። ለሁለተኛው ልኬት ማን ሪባን ይቆርጣል? ሪባን ከሌለ በጀት የለም!»

እውነቱን ነው። ሰርቬየሩ አቀረቀረ፤ ጋሼም ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። ባለሻይዋ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች ሾፌሩን ቁልቁል አየችው።

«ሪባኑን እኔ እገዛለሁ» አለች። «መቀሱን ግን ለሁለተኛው ቀን ነው የምሰጣቸው።»